ፍሬን አይበጠስም

በአገራችን የመኪና አደጋ ዜና ሲነበብ ከሁለት ምክንያቶች አንዱ አይጠፋም፤ ወይ «ከፍጥነት ወሰን በላይ በማሽከርከር» ነው፣ ወይ «ፍሬን በጥሶ» ነው። የመጀመሪያው ሾፌሩን ይከሳል። ሁለተኛው ማንንም አይከስም። ፍሬን በጠሰ ከተባለ እንደ መብረቅና እንደ ጎርፍ ከላይ የመጣ ነገር ይመስላል። ጠያቂው ዝም ይላል፣ ሟች ይቀበራል፣ የመኪናው ስብርባሪ ተጎትቶ አንድ ግቢ ውስጥ ይጣላል። የትኛው ዕቃ ነው? ለምን? ማን ገጠመው? የሚለው ጥያቄ ከሰልስቱ በፊት ይረሳል።

ፍሬን ግን እንደ ክር አይበጠስም። ፔዳሉ ወለል ሲነካ ከውስጥ የሆነ ነገር አለ። ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሆኗል፤ ወይ ያረጀችው ጎሚኒ ቱቦ ፈንድታለች፤ ወይ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶታል። አራተኛው ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ አብረው መሥራት የማይችሉ ዕቃዎች አንድ መኪና ላይ ተገጥመዋል። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው አዲስ ነው፣ ለብቻው ጤነኛ ነው፣ ከየሱቁ በውድ ዋጋ ተገዝቷል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መኪና አያቆሙም።

ይህን አራተኛውን ምክንያት በደንብ የሚያውቁት አንድ የጋይንት ሰው ናቸው። አርብ ገበያ አጠገብ ታች ጋይንት ተወለዱ፣ ደብረ ታቦር ተማሩ፣ ዕድሜያቸውን ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን አዲስ አበባ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰፈሩ «መምህር» ይላቸዋል፣ እዚህም ከዚያ ሌላ ስም አያስፈልጋቸውም። ያላቸው ንብረት እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራች ቮልስ ናት።

ስለ ቮልስ ለዚህ አገር አንባቢ ብዙ ማውራት አያሻም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነች፤ የአንድ ዘመን መምህር፣ ነርስና ጸሐፊ መኪናም እሷው ነበረች። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ውሃ አትጠይቅም። ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። መለዋወጫዋ ዛሬም በዓለም ዙሪያ እየተሠራ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ ወደኋላ እንደርስበታለን።

መምህሩ የሚመኙት ትንሽ ነገር ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን የልጅ ልጆቻቸውን በዚያችው ቮልስ ጭነው ጋይንት መውሰድ። አርብ ገበያን ማሳየት፣ ከዚያ ስማዳ ወገዳ ወርዶ የባለቤታቸውን ዘመዶች መጠየቅ፣ ሲመለሱ በእስቴ በኩል መካነ ኢየሱስ ማደር። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህ ጉዞ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ቆሞ እስቴን፣ ፋርጣንና ላይ ጋይንትን ይጋራቸዋል። ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ይመሰክራል፤ ከፍታዋ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ስማዳ ደግሞ ከደጋው ጀምሮ ቁልቁል እየወረደ ዓባይና በሽሎ ድረስ ይዘልቃል። በዚህ አገር ላይ መኪና መንዳት ማለት ግማሹን ቀን መውጣት፣ ግማሹን ቀን መውረድ ነው። ለመውጣቱ ሞተር አለ። ለመውረዱስ?

መምህሩ የድሮ ተማሪዎቻቸውን እንደሚያስጨንቁት ራሳቸውን ሒሳብ አስያዙ። ቮልሷ ባዶዋን 750 ኪሎ ገደማ ናት። አራት ሰውና ዕቃ ሲጫንባት 1,100 ኪሎ ትደርሳለች። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ክብደት ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 15 ሜጋጁል ይሆናል። ለተማሪ ሲሆን እንዲህ ይባላል፤ 45 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ የሚያንተከትክ ሙቀት። ሰርግ ቤት ያለ ትልቅ ድስት አስቡ። ከዚህ ሙቀት የተወሰነውን ነፋስና ሞተሩ በማርሽ ይወስዱታል። የቀረው ሁሉ አራት ጎማ ውስጥ ያለ ብረት ላይ ነው የሚያርፈው። ከደብረ ታቦር ወረታ ለመውረድ ደግሞ 900 ሜትር ገደማ አለ፤ ሌላ 30 ሊትር።

ጋይንት ከቁልቁለት ጋር የታገለው በመኪና ዘመን ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ያለፉት በዚሁ አገር፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። መድፉ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ጉዞው ከ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ እስከ መጋቢት ወሰደ፤ መንገዱ ፊት ፊት እየተጠረገ፣ መድፉ ከኋላ በመቶ በሚቆጠር ሰው እየተጎተተ። ታሪክ ሲነገር ሁሌም የሚነሳው ዳገቱ ነው፣ ሲጎትቱት። ግን 7 ቶን ብረት ጅዳ ሸለቆ ውስጥ ሲወርድ ማን ነው የሚጎትተው? እዚያ ላይ የሰዉ ሥራ ተገልብጦ ነበር፤ ጠፍሩን ወደኋላ ይዞ መቆም። አንዱ ቡድን ሲጠብቅ ሌላው ቢለቅ፣ ወይም አንዱ ገመድ ከሌላው ቢያጥር መድፉ ሰው ይዞ ገደል ይገባል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ፍሬን ነበር። የሚሠራውም እኩል እስከያዘ ድረስ ብቻ ነበር።

የቮልሷ ፍሬን አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው። ታምቡር ማለት በቀላሉ የተገለበጠ ድስት ነው፤ ከጎማው ጋር ይሽከረከራል፣ ውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት ቅስት ብረቶች አሉ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ውጭ ተከፍተው ድስቱን ይይዙታል። ጥሩ ነገር አለው፤ የሚሽከረከረው ታምቡር አንደኛውን ሸራ ይዞ ወደ ራሱ ስለሚጎትተው እግር ያልሰጠውን ኃይል ጎማው ራሱ ይጨምራል። መጥፎ ነገርም አለው። ሙቀቱ እዚያው ድስት ውስጥ ይታፈናል። ብረቱ ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፣ ፔዳሉም በዚያው ልክ ወደ ታች ይሄዳል። ዓባይ በረሃን በድሮ መኪና የወረደ ሁሉ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ዲስክ ግን ሜዳ ላይ የቆመ ሰሃን ነው። ነፋስ ያገኘዋል፣ ከግራና ከቀኝ ተቆንጥጦ ይያዛል፣ ሲግልም ወደ መያዣው እንጂ ከመያዣው አይሸሽም።

ስለዚህ መካኒኩ «ጋሼ፣ የፊቷን ዲስክ እናድርግልዎት፤ የአንድ ቀን ሥራ ናት» ሲላቸው ነገሩ ትክክል ነበር። የአንድ ቀን ሥራ ናት ያለው ብቻ ነው ስህተቱ።

አሜሪካ ያለች የእህታቸው ልጅ በጉዞ ሻንጣዋ ሙሉ ስብስቡን ይዛላቸው መጣች። ሁለት ዲስክ፣ ሁለት ካሊፐር፣ ፓድ፣ ቱቦ፣ ብሎን፤ ሁሉም በላስቲክ ታሽጎ። ካርቶኑ ላይ «ለቮልስ» ይላል። መካኒኩ የፊት ጎማዋን ፈታ፣ ታምቡሩን አወለቀ፣ ዲስኩን አንስቶ ዘንጉ ላይ ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም።

ቮልስ ከሩቅ ሲያዩዋት ከልጅነት እስከ ሽምግልና አንድ ዓይነት መልክ አላት። ፋብሪካው ግን ከሥር ሲለውጣት ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. እስከ 1965 የተሠሩት የፊት እግራቸው በኪንግ ፒን የታሰረ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቦል ጆይንት መጣ። ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ተለወጠ፣ ኩሽኔታው ተለወጠ። የድሮዎቹ ጎማ በ5 ብሎን ይታሰራል፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 205 ሚሊሜትር ነው። የኋለኞቹ 4 ብሎን፣ 130 ሚሊሜትር። ሻንጣ ውስጥ የመጣው ለኋለኞቹ ነው። የመምህሩ ቮልስ ከፊተኞቹ ናት።

ከዚህ በኋላ ያለው ክርክር አንድ ወር ፈጀ፤ ሊነገር የሚገባውም እሱ ነው። መካኒኩ መፍትሔ አላጣም። የአዲስ አበባ መካኒክ መፍትሔ አጥቶ አያውቅም። በመጀመሪያ ያቀረበው ቶርኖ ቤት መውሰድ ነው፤ የዲስኩ ቀዳዳ ውስጡ ይጠረባል፣ ለዘንጉ ቀለበት ይሠራለታል፣ አምስት ቀዳዳ እንደ አዲስ ይበሳል። «ብረት ነው፣ የፈለግነውን እናደርገዋለን ጋሼ።» መምህሩ እምቢ አሉ። ቀለበቱ ከምን ብረት እንደሚሠራ አይታወቅም፣ ጎማውን የሚሸከመው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ የተሻለ ይመስላል። ዘንጉ እንዲገጥም የፊት እግሯን ሙሉ በሙሉ ከሌላ ቮልስ አውጥቶ መቀየር፣ ጎማውንም ባለ 4 ብሎን ማድረግ። ይቻላል፣ በዓለም ላይ ብዙዎች አድርገውታል። መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «የኋላውስ?» የኋላው ባለ 5 ብሎን ሆኖ ይቀራል። «ቅያሪ ጎማ ስንት ልያዝ እንግዲህ?» ቮልስ ለቅያሪ ጎማ ያላት ቦታ አንድ ነው፣ ከፊት ከኮፈኑ ሥር። ከወገዳ መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስና የያዙት ለፊት ብቻ የሚሆን ቢሆን፣ የተነፈሰው ደግሞ የኋላው ቢሆን፣ ጎሚስታ እስኪገኝ ልጅ ታቅፎ ማደር ነው። ይህን የሚያስብ ሻጭ የለም። ካርቶኑ ላይም አልተጻፈም።

በዚህ መሃል ሶማሌ ተራ ሄደው ነበር። መርካቶን የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ያውቃል፤ አሮጌውን ዕቃ ፈትተህ፣ በጋዜጣ ጠቅልለህ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ሻጩ አገላብጦ አይቶ ከክምሩ ውስጥ አቻውን ያወጣልሃል። ዓይኑ መለኪያ ነው። ለኩሽኔታ፣ ለቸርኬ፣ ለመብራት ይህ ችሎታ እጅ የሚያስነሳ ነው። (መቼም የጋራዣችን ቋንቋ ራሱ ከጣልያን ተፈትቶ የተገጠመ መለዋወጫ ነው፤ ፍሬኑ፣ ታምቡሩ፣ ኩሽኔታው፣ ቸርኬው፣ ቶርኖው፣ ዳዶው ሁሉ ከዚያው የመጣ። እሱስ በደንብ ገጥሟል።) ፍሬን ላይ ሲደርስ ግን ዓይን ይከዳል። ዋናውን ነገር ውጪው አያሳይምና። ሁለት ፖምፓ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንትያ ይመስላሉ፤ የአንዱ ውስጥ ቀዳዳ ከሌላው በሁለት ሚሊሜትር ይሰፋል። በዚህ ሁለት ሚሊሜትር ፔዳሉ ወይ ድንጋይ ይሆናል ወይ ጭቃ።

መምህሩ ለመካኒኩ ረዳት፣ ትምህርቱን አቋርጦ ለመጣ ልጅ፣ ይህንን በሾላ ወረቀት ላይ አስረድተውታል። ዘይት አይጨመቅም። እግር ከፔዳሉ በኩል የገፋው ዘይት ሁሉ ጎማው ጋ ይደርሳል። ለምሳሌ የታምቡሩ ትንሿ የጎማ ፖምፓ 22 ሚሊሜትር ብትሆንና የካሊፐሩ ፒስተን 40 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የካሊፐሩ ስፋት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ያው ግፊት ሦስት እጥፍ ኃይል ይሰጣል ማለት ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ያው ዘይት ፒስተኑን የሚያስኬደው ሲሶ መንገድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ፖምፓ በቂ ዘይት የማይገፋ ከሆነ ፔዳሉ መጨረሻው ድረስ ወርዶም ፓዱ ገና መያዙ ነው። ፖምፓው ከመጠን በላይ ከተለቀ ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን በራሱ ስለማያግዝ እግር ይደክማል። መሃል ላይ ያለውን ልክ ማግኘት ነው ሥራው። ልጁ «ታዲያ ትምህርት ቤት እንዲህ ብለው ቢያስተምሩን ኖሮ» አላቸው። መምህሩ ለዚህ መልስ አልሰጡም።

ከሁሉ የከፋችው ግን በጣም ትንሿ ዕቃ ናት። ለታምቡር የተሠሩ ብዙ ፖምፓዎች ጫፋቸው ላይ አንዲት ቫልቭ አለች። እግር ከተነሳ በኋላም መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ታስቀራለች፣ የጎማ ፖምፓዎቹ ጎሚኒ እንዳይላላና አየር እንዳይስብ። ለታምቡር ጠቃሚ ናት፤ ሸራዎቹን የሚመልስ ጠንካራ ሞላ አለና። ዲስክ ላይ ሞላ የለም። ያች ቀሪ ግፊት ፓዱን ከዲስኩ ጋር አጣብቃ ትይዘዋለች። መኪናው ጋራዥ በር ላይ ሲሞከር ምንም አይታወቅም፣ እንዲያውም ፍሬኑ «ንቁ» ይመስላል። ጎሃ ጽዮንን ሲያልፍ ግን ሾፌሩ ሳይረግጥም ፍሬኑ እየሠራ ነው። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው፣ እርጥበት ደግሞ ሁልጊዜም ይጠጣል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም ብለናል፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል። በማግስቱ ዜናው «ፍሬን በጥሶ» ይላል።

እዚህ ላይ ዲስክን እንደ ጽድቅ ለሚቆጥሩት አንድ የሚገርም ነገር ማንሳት ይገባል። አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት ያመላለሰው ሰማያዊና ነጭ ላዳ የተወለደው ከጣልያኑ ፊያት 124 ነው። ፊያቱ አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ነበረው። ሶቭየቶች በራሳቸው መንገድ ሲሞክሩት የኋላው ዲስክ ጭቃውንና አቧራውን አልቻለውም፣ ቶሎ ቶሎ ይበላል። እናም ላዳን ሲያመርቱ የኋላውን ወደ ታምቡር መለሱት። የዘመኑን ዕቃ አውልቀው የድሮውን ገጠሙ፣ አውቀው፤ መኪናው የሚሄድበትን መንገድ አይተው። የከባድ መኪናዎችም ፍሬን ብዙው እስካሁን ታምቡር ነው። ጥያቄው የትኛው አዲስ ነው ሳይሆን የትኛው ከየትኛው ጋር፣ በየትኛው መንገድ ላይ የሚለው ነበር።

መምህሩም ሲመረምሩት የደረሱበት መካኒኩን ያስገረመ ነው። የቮልሷ ትልቁ አደጋ ታምቡሯ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 እንደነበሩት ብዙ መኪኖች ሁሉ የእሷም ፍሬን አንድ መስመር ነው፤ አራቱም ጎማ ከአንድ ፖምፓ፣ ከአንድ ዘይት ይጠጣሉ። አንዲት ጎሚኒ ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ይሞታሉ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ የመጡት መኪኖች ሁለት መስመር ያላቸው ለዚህ ነው፤ የፊቱ ቢጠፋ የኋላው ይቀራል። እንግዲህ ከፊት የሚያምር ዲስክ አድርጎ ከኋላው የ60 ዓመት ባለአንድ መስመር ፖምፓ መተው ማለት አዲስ በር አሮጌ ማጠፊያ ላይ መስቀል ነው። «ቅድሚያ ሁለት መስመር፣ ዲስኩ ቀስ ብሎ ይምጣ» አሉ። መካኒኩ ቅር አለው። ሁለት መስመር አይታይም፣ ለሰው አይነገርም፤ ዲስክ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ያበራል።

የአንድ ጡረተኛና የአንዲት ቮልስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተወራ። ግን የአገራችንን መኪና ብዛት የሚይዘው አሮጌ ነው፣ አሮጌ ሆኖም ይቆያል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። የሁለቱም ዓላማ ይገባል፤ የመጀመሪያው አሮጌ እንዳይገባ፣ ሁለተኛው ነዳጅ እንዲቀንስ። በተግባር ግን አዲስ መግዛት የማይችለው ሰው ያለውን መኪና እስከ መጨረሻው ይይዛል ማለት ነው። መለዋወጫውም ከሻንጣ፣ ከክምርና ከሌላ መኪና ሬሳ ላይ እየተለቀመ ይቀጥላል። ማገጣጠም የብዙኃኑ ኑሮ ሆኗል። ማገጣጠሙን የሚያየው ግን ማነው?

ለቦሎ ተብሎ በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ አለ። መኪናው ሮለር ላይ ወጥቶ ፍሬን ሲይዝ ግራና ቀኙ ይለካል። ጥሩ ነገር ነው፣ ይብዛ። ነገር ግን ያ ሮለር የሚለካው ቀዝቃዛ ፍሬን ለጥቂት ሰከንድ ሲረገጥ ነው። ያች ቀሪ ግፊት የምትይዝ ቫልቭ ሮለሩ ላይ አትታይም። እርጥበት የጠጣ ዘይት አይታይም። ቶርኖ ቤት የተሠራ ቀለበት አይታይም። የሚታዩት ከጎሃ ጽዮን በታች፣ ከደብረ ታቦር በታች፣ ስማዳ ቆላ ውስጥ ነው። መኪናው ላይ የተለወጠው ምንድነው፣ በምን ተተካ፣ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅና በወረቀት የሚያስቀምጥ ምርመራ ቢኖር ከአንድ ደቂቃ ሮለር የበለጠ ነፍስ ያተርፍ ነበር። ወጪውም አንድ ገጽ ቅጽ ነው። መካኒኩን ለመቅጣት አይደለም፤ ብዙዎቹ እጃቸው ወርቅ ነው። የሠሩት ነገር ከጭንቅላታቸው ወጥቶ ወረቀት ላይ ስለማይቀመጥ ግን ቀጣዩ መካኒክ ያንኑ መኪና ሲከፍት ከዜሮ ይጀምራል፣ እንዲህም ሲደራረብ አንዷ መኪና የአምስት ሰው ግምት ተሸክማ ቁልቁለት ትወርዳለች።

ስለ ጤናም አንድ ነገር፣ በማለፍ። የድሮ ሸራዎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው። ታምቡር ሲከፈት አቧራውን በኮምፕረሰር እፍ ማለት በየጋራዡ የተለመደ ነው፣ አፍንጫው ሥር ቆሞ የሚጠርገው ደግሞ ሁልጊዜ ረዳቱ ልጅ ነው። መምህሩ በዚህ ነገር ተቆጥተው አንድ ቀን ጋራዡን ጥለው ወጥተዋል። አሁን እርጥብ ጨርቅ አለ።

የመጣው ስብስብ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ለኪንግ ፒንና ለ5 ብሎን የሚሆንም እንደሚሠራ ተገኘ፤ መጀመሪያ ላይ ትክክለኛውን የምርት ዓመት ጽፎ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚፈልገው። እሱ እስኪመጣ ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ ገባ፣ የብረት ቧንቧዎቹ በሙሉ ተቀየሩ፣ ጎሚኒ ቱቦዎቹ አንድም ሳይቀር አዲስ ሆኑ፣ የኋላ ታምቡሮች ቶርኖ ላይ ተስተካክለው ሸራቸው ተለወጠ። የኋላው ታምቡር ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም የእጅ ፍሬኑ በገመድ የሚይዘው እሱን ነው፤ የኋላውን ዲስክ ያደረገ ሰው የእጅ ፍሬን ያለበት ካሊፐር ካላገኘ ዳገት ላይ ድንጋይ ፈላጊ ነው። አዲሱ ስብስብ በሌላ ተጓዥ ሻንጣ ሲደርስ ዲስኩ ዘንጉ ላይ ያለ መዶሻ ገባ። ከፊት መስመር ላይ ቀሪ ግፊት የምትይዘው ቫልቭ እንደሌለች ፖምፓው ተፈትቶ ታየ። ካሊፐሩ ከቸርኬው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር እንደማይነካካ ጎማው በእጅ ሙሉ ዙር ተዙሮ ተረጋገጠ።

ከዚያ እንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ቁልቁል ወረዱ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ እየረገጡ እየለቀቁ። ታች ቆመው መምህሩ ወርደው እጃቸውን ወደ ፊት ጎማዎቹ አስጠጉ፤ ሳይነኩ፣ ከሩቁ እንደ ምድጃ። የግራው ከቀኙ ይበልጥ ይፋጅ ነበር። ደግመው ወጥተው ደግመው ወረዱ። አሁንም ግራው። መካኒኩ መጀመሪያ «ትለምዳለች፣ አዲስ ስለሆነ ነው» አለ። ሲፈታ የግራ ካሊፐር መያዣ ሥር አንዲት ሮንዴላ ተገኘች፣ ቀዳዳው እንዲገጥምለት የገባች። ካሊፐሩን በሷ ውፍረት ልክ ወደ ጎን ገፍታዋለች፣ አንደኛው ፓድ ዲስኩን አይለቅም። ሮንዴላዋ ወጥታ የመያዣው ጠርዝ በሞረድ ተስተካከለ። በሦስተኛው ቀን ግራና ቀኙ እኩል ሞቁ።

መምህሩ ይህን ሁሉ በአንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ጽፈውታል። የዲስኩ ቁጥር፣ የኩሽኔታው ቁጥር፣ የፖምፓው ልክ፣ ዘይቱ የተቀየረበት ቀን፣ ሮንዴላዋም ጭምር፣ ከሥዕል ጋር። ደብተሩ መኪናዋ ውስጥ ከቦሎው ጋር ይቀመጣል። ባለፈው መካኒኩ ደውሎ ደብተሩን በስልኩ ፎቶ ያነሳው ዘንድ ጠየቃቸው፤ ሌላ ቮልስ መጥታለች፣ ባለቤቷ ካርቶን ይዟል፣ ካርቶኑ ላይ «ለቮልስ» ይላል።